የፍሳሹ ነገር የት ገባ? «መጀመሪያ ከተማዋ ትደግ» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ስለ ባሕር ዳር ዕድገት የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰንብቷል። የጸሐፊው ብዕር ስል ነው፤ ከተማዋን መውደዳቸውም ያስታውቃል። ሐሳባቸው ሲጠቀለል እንዲህ ነው፦ ባሕር ዳር ገና ድሃ ከተማ ናት፤ ሥራ አጥ ወጣት ሞልቶባታል፤ በዚህ ላይ ስለ ደንገልና ስለ ወፍ መጨነቅ የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው፤ ስለዚህ ሐይቅ ዳሩ ለሆቴል፣ ለአፓርታማና ለመናፈሻ ይከፈት፤ ሀብቱ ይምጣ፤ ተፈጥሮን ማዳን ከዚያ በኋላ ይደረስበታል። ይህን ለማስረዳት ስድስት ነጥቦች አቅርበዋል።

ከተማ ማደግ የለበትም የሚል ሰው ቢኖር እኔ ከእርሱ ጋር አይደለሁም። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መቶ ሺህ ሕዝብ ያልሞላት ከተማ በ1999ኙ ቆጠራ ከ150 ሺህ በላይ ሆና ተገኘች። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ለማወቅ ሌላ ቆጠራ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ወደ ዘንዘልማ ወይም ወደ መሸንቲ በሚወስደው መንገድ ጥቂት መጓዝ ይበቃል። ሰው ይመጣል፤ ቤት ይሠራል፤ እንጀራ ይፈልጋል። ይህን ማቆም አይቻልም፤ ቢቻልም ተገቢ አይደለም።

ያስገረመኝ ሌላ ነው። ስለ ዘንባባው ተራ፣ ስለ መንገድ መብራቱ ቀለም፣ ስለ ሕንፃዎቹ ከፍታ ሳይቀር የተነተኑት ጸሐፊ በእነዚያ ሕንፃዎች ውስጥ የሚታጠበው፣ የሚደፋውና ከመጸዳጃ ቤት የሚወርደው ወዴት እንደሚሄድ አንድ መስመር አልጻፉም። ነጥቦቻቸውን በቅደም ተከተላቸው እመልሳለሁ፤ አንዳንዱን ግን በአጭሩ አልፈዋለሁ።

መጀመሪያ ያነሡት ታሪክ ነው። ያደጉት አገሮች በክለው ነው ያደጉት፤ ሲከብሩ አጸዱ፤ እኛስ ምን ይከለክለናል? ይላሉ። ለምሳሌም ለንደንን ጠቅሰዋል። መልካም፤ ለንደንን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1858 በጋ የቴምዝ ወንዝ ግማት የፓርላማ አባላቱን አላስቀምጥ ሲላቸው ነበር ለታላቁ የፍሳሽ መስመር ገንዘብ የተፈቀደው። ያን ጊዜ ለንደን ከዓለም ባለጸጋ ከተሞች ቀዳሚዋ ነበረች። ሆኖም ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1957፣ ወንዙ በከተማዋ ክልል ውስጥ ሕይወት አልባ ነው ተባለ። ገንዘቡም፣ ቧንቧውም፣ መሐንዲሱም እያለ ማለት ነው። ጸሐፊው ከዚህ ረጅም ታሪክ ወስደው ያሳዩን ዓሣ የተመለሰበትን የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ነው።

ደግሞም ቴምዝ ወንዝ ነው፤ ከባሕሩ ጋር እየተነፈሰ በየቀኑ ሞልቶ ይጎድላል። ጣና ሐይቅ ነው። ለሐይቅ የሚሆን ምሳሌ ከአገራችን ሳንወጣ እናገኛለን፤ ሐሮማያ። ሐረርን ያጠጣ የነበረው ያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ዓይናችን እያየ ደረቀ፤ ሐረርም ውኃዋን ከድሬዳዋ አካባቢ በረጅም ቧንቧ ለመሳብ ተገደደች። ምክንያቱ አንድ አልነበረም። ለከተማ የሚሳበው ውኃ፣ ለጫትና ለአትክልት የተተከለው ፓምፕ፣ ከኮረብታው የሚታጠበው አፈር ተደምረው ነው። ለብቻው ሲታይ ሐይቅ ያደርቃል ተብሎ የሚጠረጠር ከመካከላቸው አልነበረም። ውኃ መልሶ የታየባቸው ዓመታት ቢኖሩም ሐረር ቧንቧዋን ነቅላ ወደ ሐሮማያ አልተመለሰችም። ስለ «በኋላ ይደረስበታል» ስንከራከር ከለንደን በፊት ሐሮማያን ብንጎበኝ ይሻላል።

ሁለተኛውን ነጥብ ብዙ ሰው ስለሚያምንበት ሰፋ አድርጌ እመልሰዋለሁ። ጣና ባሕር የሚያህል ውኃ ነው፤ የአንድ ከተማ እጣቢ ምን ያደርገዋል? የሚወድቅበትንም ቢሆን ዓባይ ከከተማዋ ጫፍ ስለሚነሣ ጠራርጎ ይወስደዋል፤ ይላሉ።

ጣና ሰፊ መሆኑ እውነት ነው፤ ወደ ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ጥልቅ ግን አይደለም። ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳን ከ14 ሜትር ብዙ አያልፍም፤ አማካይ ጥልቀቱም አሥር ሜትር አይሞላም። ጸሐፊው ከሚመኟቸው ሆቴሎች አንዱ ከሐይቁ ወለል ላይ ቢቆም የላይኞቹ ፎቆች ከውኃው በላይ ይቀራሉ። ከተማዋ የተቀመጠችበት ደቡባዊው ባሕረ ሰላጤ ደግሞ ከዚያም የሳሳ ነው። ፍሳሽ በሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ እኩል ተካፍሎ አይቀመጥም። የሚተኛው ቦዩ በሚያበቃበት ዳር ነው፤ ልጆች በሚዋኙበት፣ መኪና በሚታጠብበት፣ ታንኳ በሚጠጋበት።

የውኃውን ገቢና ወጪም ጸሐፊው አላሰሉትም። ከጣና በየዓመቱ ከሚወጣው ውኃ ከግማሽ የሚበልጠው ወንዝ ይዞት አይሄድም፤ ፀሐይ ነው የምታተነው። የሚተነው ደግሞ ንጹሑ ውኃ ብቻ ነው፤ የሟሟው ሁሉ እዚያው ይቀራል፤ ወጥ ሲመነምን ጨዉ እየከረረ እንደሚሄደው።

የቀረውስ? ዓባይ ከጣና እንደ ልቡ የሚወጣበት ዘመን ካለፈ ቆይቷል። በ1988 ዓ.ም. በመውጫው ላይ የጨረጨራ ግድብ ከተሠራ ወዲህ ውኃው የሚወርደው በር ሲከፈትለት ነው። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ይህ ጣቢያ ውኃውን የሚወስደው ከሐይቁ ምዕራባዊ ወገን ነው፤ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ወደ በለስ ያሻግረዋል። በዕቅዱ በሰከንድ በአማካይ 77 ሜትር ኩብ ነው፤ ቀድሞ በዓባይ በኩል ይወርድ ከነበረው ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ስለዚህ ሐይቁ ዛሬ ከፍ ያለውን ድርሻ የሚያወጣው በከተማዋ ደጃፍ ሳይሆን በሌላ በር ነው። በበጋ ወደ ጢስ ዓባይ የወረደ ሰው ይህን በዓይኑ አይቶታል። ያን ሁሉ መንገድ ጢሱን ለማየት የመጣ እንግዳ ጥቁር ዐለት ፎቶ አንሥቶ ይመለሳል። ጠራርጎ ይወስዳል የተባለልን ዓባይ ይህ ነው። ውኃው የሚያንሰውም ፍሳሹ በሚወፍርበት በዚያው በደረቁ ወራት ነው።

ቢወስደውስ? ከከተማዋ በታች ዓባይን በጄሪካን ቀድተው የሚጠጡ ሰዎች አሉ። ጸሐፊው ለእነርሱ የሚሰጡትን መልስ ብሰማ ደስ ይለኛል።

ሦስተኛው ነጥባቸው እውነት አለበት። ሐይቁን የሚጎዳው ከተማው ሳይሆን ከላይ ያለው እርሻ ነው ይላሉ። ወደ ጣና በወንዝ ከሚገባው ውኃ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚመጣው በግልገል ዓባይ፣ በጉማራ፣ በርብና በመገጭ ነው። ክረምት ሲገባ እነዚህ ወንዞች ከጎጃምና ከጎንደር ተራሮች ምን ያህል አፈር ይዘው እንደሚወርዱ አፋቸው ላይ ቆሞ ማየት ይቻላል። እምቦጭም ከተገኘበት ከ2003 እና 2004 ዓ.ም. ወዲህ የተንሰራፋው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ በመገጭ አፍ፣ በደምቢያና በፎገራ በኩል እንጂ በባሕር ዳር ሆቴሎች ደጃፍ አይደለም። የሐይቁ ትልቁ ሸክም ከማሳ ይመጣል ቢባል እኔም እፈርምበታለሁ።

ከዚህ ተነሥቶ ከተማው ነፃ ነው ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። አፈርና የሰው ዓይነ ምድር አንድ አይደሉም፤ አፈር ሐይቁን ይሞላዋል፤ ዓይነ ምድር ልጅ ይገድላል። ደግሞ ከተማ ሲባል ባሕር ዳር ብቻ አይደለችም። ጎንደርን ይዘው የሚወርዱት ቀሃና አንገረብ መገጭን ተቀላቅለው የሚገቡት ጣና ነው። ወረታም ያለችው በርብ ሜዳ ላይ ነው። በመገጭ አፍ የበቀለው እምቦጭ የሚመገበው የደምቢያ ገበሬ ማሳ ላይ የበተነውን ማዳበሪያ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚቆረቁረኝ ግን ይህ ነው። ያ የተወቀሰው አርሶ አደር በየዓመቱ በበጋ ለተፋሰስ ሥራ ይወጣል፤ ያለ አንዳች ክፍያ እርከን ይሠራል፤ ድንጋይ ይሸከማል። እምቦጭ ሲመጣ ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል። ከተማው በምላሹ ምን አደረገ? ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ያለው ሰው የፍሳሽ መምጠጫ መኪና ለመጥራት ይሳሳል።

ስለ ጉድጓድ አንድ ነገር ልጨምር፤ የግንባታ ሥራ ላይ የቆየ ሰው ስለ ጉድጓድ ዝም ማለት ይቸግረዋል። ባሕር ዳር ከተማ አቀፍ የፍሳሽ መስመር ሳይዘረጋላት ነው ይህን ያህል የሰፋችው። ቤቱም፣ ሆቴሉም፣ መሥሪያ ቤቱም የየራሱን ጉድጓድ ቆፍሮ ይኖራል። መሬቱ ከላይ ዋልካ ነው፤ ከሥሩ ስንጥቅ የበዛበት ጥቁር ድንጋይ አለ፤ ወደ ሐይቁ በተጠጉ ቁጥር የከርሰ ምድር ውኃው ቅርብ ይሆናል። ክረምት ላይ ሐይቅ አካባቢ መሠረት ሲቆፈር ውኃው የሰው ቁመት ሳይደረስ ብቅ ይላል፤ ፓምፕ ካልተያዘ ሥራው ይቆማል። መጸዳጃ ጉድጓዱም የሚቆፈረው በዚሁ መሬት ነው። ከባለቤቶች አፍ ደጋግሜ የሰማሁት አንድ ኩራት አለ፦ የእኔ ጉድጓድ ሞልቶ አያውቅም! አይሞላም፤ ሥሩ አልተለሰነም፤ ግድግዳው በደረቅ ድንጋይ ተደርድሮ ክፍት ተትቷል። ያልሞላው ሰርጎ ነው። ቁልቁለቱ ወዴት እንደሚወስድ ለባሕር ዳር ሰው አይነገረውም።

የደንገሉ ነገር አራተኛው ነጥብ ነው። ረግረጉ የወባ መራቢያ ስለሆነ ተደልድሎ መናፈሻ ቢሆን ለጤናም ይበጃል ብለዋል። ወባ ቀልድ አይደለችም፤ የጣና ዳር ሰው ያውቃታል። ነገር ግን በአገራችን ወባን በዋነኛነት የምታስተላልፈው ትንኝ የምትመርጠው ፀሐይ የሚያገኘውን ትንሽ፣ ጊዜያዊ ኩሬ ነው፤ የከብት ኮቴ የተወውን፣ ጎማ የቆፈረውን፣ የግንባታ ጉድጓድ ያጠራቀመውን። ጥቅጥቅ ያለ ደንገል ጥላ ነው፤ ከሥሩም የትንኟን ዕጭ የሚበላ ዓሣና ነፍሳት አለ። ደንገል ተመንጥሮ መሬቱ ሲገለጥ ለትንኟ ቤት ይሠራላታል እንጂ ቤቷ አይፈርስባትም። ጸሐፊው ወባን መዋጋት ከፈለጉ ከደንገሉ በፊት በየሰፈሩ ተቆፍረው የተተዉትን የግንባታ ጉድጓዶችና የተደፈኑትን የጎርፍ ቦዮች ቢዞሩ ይጠቅማሉ።

ደንገሉ የሚሠራው ሥራ ደግሞ በገንዘብ ሊተመን የሚችል ነው። ከቦዩ የሚመጣውን ጎርፍ ያዘገየዋል፤ ደለሉን ያስቀረዋል፤ በፍሳሽ ውስጥ ያለውን የተክል ምግብ ራሱ ይበላዋል። ማጣሪያ ጣቢያ የሌለው ከተማ ያለውን ብቸኛ ማጣሪያ መንቀል ምን ዓይነት ቁጠባ እንደሆነ አልገባኝም። ቀረሶም የሚራባው በዚሁ ሣርና ደንገል ባለበት ጥልቀት በሌለው ዳር ነው። ሐይቅ ዳር ተቀምጦ የተጠበሰ ቀረሶ የሚያዝ እንግዳ ሁሉ የደንገሉ ደንበኛ ነው፤ አያውቀውም እንጂ።

እግረ መንገዴን ስለ ዓሣ ካነሣሁ፣ ጣና ውስጥ በሳይንስ ስሙ ላቢዮባርበስ የሚባል የዓሣ ወገን አለ። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በላይ ተነጥሎ ስለኖረ በሌላ በየትም የዓለም ክፍል የማይገኙ 15 ዝርያዎች አፍርቷል። ብዙዎቹ ለመራባት በክረምት ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ፤ በወንዝ አፍ ላይ የሚጠብቃቸው የናይለን መረብ ደግሞ እየበዛ ሄዷል። ይህ የከተማው ጥፋት አይደለም። ሆኖም ከላይ መረብ፣ ከታች ፍሳሽ ሲሆን ዓሣው መሄጃ ያጣል።

አምስተኛውን በአጭሩ ላልፈው። ተፈጥሮን መጠበቅ የፈረንጅ ቅንጦት ነው፤ ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ መመዝገቡም እጃችንን አስሮናል ይላሉ። የምዝገባው አሠራር እንደዚያ አይደለም። የባዮስፌር ክልል በሦስት ይከፈላል፤ በጥብቅ የሚጠበቅ እምብርት፣ እርሱን የሚከልል መካከለኛ ቀጠና፣ ሰው የሚኖርበትና ልማት የሚካሄድበት ሰፊ ቀጠና። ከተሞች በሦስተኛው ውስጥ ናቸው። ሆቴል አይሠራ የሚል ቃል የለበትም፤ የት ይሠራ የሚል ጥያቄ ነው ያለበት። የፈረንጅ ነው ለሚለው ደግሞ ከባሕር ዳር በጀልባ ጥቂት ተጉዞ ዘጌ መድረስ ይበቃል። በአባ በትረ ማርያም ዘመን እንደተደነገገ የሚነገረው የዘጌ ሥርዓት በበሬ ማረስን ከልክሎ ኖሯል። የዘጌ ቡና ዛሬም ጫካ ውስጥ የሚለቀመው ለዚህ ነው። መነኮሳቱ ይህን ሲደነግጉ ዩኔስኮ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የዘጌ ሰውም ከቡናው ሲኖር እንጂ ጫካውን እያየ ሲራብ አልኖረም።

ስድስተኛው ነጥብ ሁለት ነገር በአንድ አሥሮ ያቀርባል፤ ለየብቻ ፈትቼ እመልሳለሁ። አንደኛው፣ ሐይቅ ዳር የሰፈሩ ሰዎች ይነሡ የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ የዳርቻው መሬት በሊዝ ይሸጥና በገንዘቡ የፍሳሽ ማጣሪያ ይሠራ የሚለው።

ከሰዎቹ ልጀምር። ጸሐፊው ስም ሳይጠሩ «ሐይቅ ዳር የሰፈሩ» ብለው ያለፏቸው በአብዛኛው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ናቸው። ዓሣ አስጋሪዎች፣ የደንገል ታንኳ ሠሪዎች፣ ሴቶቹ ከደንገልና ከሣር የሚሠፉ። ከከተማዋ በፊት ሐይቁ ዳር ነበሩ፤ ከተማዋ በሰፋች ቁጥር እነርሱ ከዳሩ እየተገፉ ኖረዋል። የሚገርመው፣ ጸሐፊው በዚያው ገጽ ላይ ከመናፈሻው መግቢያ የታንኳ ሐውልት እንዲቆም ይጠይቃሉ። ታንኳውን የሚሠራው ሰው ይነሣ፤ ምስሉ ይቁም! እኔ ኑሯቸውን ላስውብ አልፈልግም። ቤቶቻቸው ጠባብ ናቸው፤ ብዙው መጸዳጃ የለውም፤ እርሱም ሐይቁ ዳር ነው። ልጆቻቸው ከማንም ሰው ልጅ ያላነሰ ትምህርት ቤትና ንጹሕ ውኃ ይገባቸዋል። ከሐይቁ ሲርቁ ግን ሥራቸውም አብሯቸው ይጠፋል፤ ደንገል ከሌለበት ሠፈር ታንኳ አይሠራም፤ ከዳር ርቆ ዓሣ አይሰገርም።

እዚህ ላይ ሕገ መንግሥቱን የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። አንቀጽ 44 በመጀመሪያው ንዑስ አንቀጹ ስለ ንጹሕና ጤናማ አካባቢ ይናገራል፤ በሁለተኛው በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት ስለሚፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው ስለሚነካ ሰዎች ካሳና መቋቋሚያ ይደነግጋል። አንድ አንቀጽ ነው። ሐይቁን እንጠብቅ እያለ ሐይቅ ዳር ያለውን ድሃ ብቻ የሚያነሣም፣ ከተማ እናልማ እያለ የሚያነሣውም፣ የአንቀጹን ግማሽ ነው የሚያነብ። ብዙ ጊዜ የምናየው ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ነው፤ ለአካባቢ ጥበቃ ተብሎ ድሃው የተነሣበት ቦታ ላይ ዓመት ሳይሞላ አጥር ይታጠርበታል፤ ከአጥሩ ውስጥ የሚወጣው ግን ሕንፃ ነው።

ስለ አጥር ካነሣሁ አንድ መልካም ነገር ልናገር፤ ጸሐፊው ያመሰገኑትን ሁሉ እንቃወማለን እንዳይሉ። በኮሪደር ልማቱ ከሐይቁ ዳር የተወሰነው ለእግረኛ መከፈቱ ደግ ሥራ ነው። ሐይቅ ዳር ተወልዶ ሐይቁን በግንብ ቀዳዳ ያይ የነበረ ሰው ዛሬ ልጁን ይዞ ዳር ዳሩን ይሄዳል። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይም ከተማዋን ወደ ምሥራቅ ከፍቷታል። እንዲያውም የእኔ ክርክር እዚህ ላይ ይጠነክራል፤ ከተማዋ መስፊያ ካገኘች፣ ረግረጉን ደልድሎ ለመስፋት ምን ያስቸኩላል?

መሬቱ በሊዝ ይሸጥና በገንዘቡ ማጣሪያ ይሠራ ወደሚለው ልምጣ። ከስድስቱ ነጥቦች ብልኅ የሚመስለው ይህ ነው፤ ለዚህም ነው ብዙ ሰው ያሳመነው። ሦስት ቀዳዳ አለበት። የሊዝ ገንዘብ ከተማ አስተዳደሩ ካዝና ሲገባ ስም አይጻፍበትም፤ መንገድ ይጠራዋል፤ ደመወዝ ይጠራዋል፤ ማጣሪያው ተራው እስኪደርስ ይቆያል። ሁለተኛ፣ ሕንፃው ቀድሞ ቆሞ ቧንቧው በኋላ ሲመጣ የሚቆፈረው አስፋልት ነው፤ የሚፈርሰው የእግረኛ መንገድ ነው፤ የሚቋረጠው የሱቁ ገበያ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላል ያገራችን ሰው። መንገዱ ለኮሪደሩ ተቆፍሮ፣ የቴሌና የመብራት መስመር ከመሬት በታች እየተቀበረ ሳለ የፍሳሽ ቧንቧው አብሮ ያልተቀበረበት ቦታ ሁሉ ለነገ ዕዳ ነው። ማጣሪያ ጣቢያው ለጊዜው ባይኖርም ቧንቧው ይቀበር፤ አፉ ተደፍኖ ይጠብቅ። ሦስተኛው ደግሞ የዋጋ ነገር ነው። ባለ ሀብቱ ለዳርቻው መሬት ከፍ ያለ ሊዝ የሚከፍለው ሐይቁ ስለሚታየው ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ ሐይቁ የሚሸት ከሆነ የተሸጠው መሬት ለከተማውም ለባለ ሀብቱም እኩል ይረክሳል፤ ይህን ስሌት ለባለ ሀብቱ ከጸሐፊው ይልቅ የባንክ ባለሙያ ቢነግረው ይሻላል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? የሚለው ጥያቄ ግን ተገቢ ነው፤ መልስ ሳልሰጥ ብሄድ ጸሐፊው ይስቁብኛል። ብዙው ከተጠቃሚው ይምጣ። ውኃ የሚጠቀም ሰው የሚያቆሽሸውም እርሱ ነው፤ በውኃ ቆጣሪው ላይ የፍሳሽ ክፍያ መጨመር ይቻላል፤ ብዙ የሚጠቀመው ሆቴል ብዙ ይከፍላል፤ አንድ ቧንቧ ለጎረቤት ያካፈለ ቤተሰብ ጥቂት ይከፍላል። የመምጠጫ መኪናው ዋጋ ደግሞ ለድሃው ይደጎም፤ ጉድጓዱን የሚያስመጥጥ ሰው ሐይቁን እየጠበቀ ነውና ሊቀጣ አይገባውም። የተመጠጠውም ሜዳ ላይ እንዳይደፋ፣ መኪናው የት እንደሚያራግፍ ቦታው በግልጽ ይታወቅ፤ ተቆጣጣሪም ይቁምበት።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጡ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ግምገማ ግን በአብዛኛው የሚታየው እንደ ወረቀት ነው፤ ማኅተም ያርፍበታል፤ ከፋይሉ ይገባል፤ ጉድጓዱ እንደተለመደው ክፍት ሆኖ ይቆፈራል። እኔ አዲስ አዋጅ አልጠይቅም። የምጠይቀው አንድ ሕንፃ ተጠናቆ የመጠቀሚያ ፈቃድ ሲጠይቅ፣ ከምሰሶውና ከኤሌክትሪኩ ጋር ጉድጓዱም እንዲታይ ነው። አሠራሩ ከባድ አይደለም፤ ጉድጓዱን በንጹሕ ውኃ መሙላት፣ የውኃውን ልክ ምልክት ማድረግ፣ ክዳኑን አሽጎ ማደር፣ ጠዋት ተመልሶ መለካት። ውኃው ከወረደ ሥሩ ክፍት ነው፤ ፈቃዱ ይዘግያል፤ ባለቤቱ አስለስኖ እንደገና ይጠራል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ የውኃ ቦቴ፣ አንድ ሜትርና አንድ ሌሊት ነው። በሐይቅ ዳር አሁን በመሠራት ላይ ካሉት ሕንፃዎች መጀመር ይቻላል።